ስኮርታውን ማን ይሸከም? የኋላ ጎማ ማንጠልጠያ ጥያቄ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው የገጠር መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው ዋና መንገድ አስፋልት ነው። ከእሱ ወደ ቋሪት፣ ወደ ደጋ ዳሞት፣ ወደ ሰከላ ወይም ወደ ወምበርማ የታጠፈ መኪና ግን ብዙም ሳይርቅ ኮረኮንች ላይ ይወጣል፤ ከዚያም በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ የሆነ የቀበሌ መንገድ ይቀበለዋል። እዚያ ጎማ መፈንዳቱ የሚጠበቅ ነገር ነው። ጎሚስታው የሚገኘው ከተማ ውስጥ ስለሆነ ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) ያልያዘ ሾፌር መንገድ ላይ ያድራል። ስለዚህ ስኮርታ መያዝ አያከራክርም። የሚያከራክረው የት እንደሚሰቀልና ክብደቱን የትኛው የመኪናው ክፍል እንደሚሸከመው ነው።

ጥያቄው ተራ ይመስላል። ነገር ግን ከኋላ የሚሰቀል ጎማ በሩን ይሰነጥቃል፣ ማጠፊያውን ያላላል፣ ሰሌዳና መብራት ይሸፍናል፣ በሽተኛ የሚገባበትን በር ይዘጋል። ከሥር የሚንጠለጠለው ደግሞ ጭቃ ይበላዋል፣ ድንጋይ ይመታዋል፣ መኪናው ሲሰምጥ አብሮ ይቀበራል። ሁሉም መፍትሔ የየራሱን ዕዳ ይዞ ነው የሚመጣው። የማንጠልጠያ ወሬ በጋራዥ ሲነሳ አብዛኛው ክርክር በብረቱ ውፍረት ላይ ይሆናል፤ ማስረጃው ግን ወደ መጋጠሚያው ይጠቁማል። የዚህ ዳሰሳ ዋና ነገርም ይኸው ነው።

ስኮርታ ወደ ኋላ የመጣበት መንገድ

ቀደምቶቹ መኪኖች ትርፍ ጎማ አልነበራቸውም። የፈነዳው እዚያው መንገድ ዳር ተፈትቶ ይለጠፍ ነበር። በብሪታንያዋ ዌልስ በላኔሊ ከተማ ዴቪስ የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1904 ገደማ ስቴፕኒ የተባለውን ትርፍ ጎማ ለገበያ አቀረቡ። ስቴፕኒ በፈነዳው ጎማ ጎን በመቆንጠጫ የሚታሰር፣ መኪናውን እስከ ጥገና ቦታ የሚያደርስ ነበር። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. የሲድሌይ መኪናውን ከባሕር ጠረፍ እየነዳ አዲስ አበባ አድርሶ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሲያቀርብ ዘመኑ ይህ ነበር።

ጎማውን ከኋላ መስቀል የገጠር መኪና መለያ የሆነው በጦር መኪኖች በኩል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ የተሠራው የዊሊስ ጂፕ ስኮርታውን ከኋላ፣ ከነዳጅ ጀሪካኑ ጎን ይሸከም ነበር። በ1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት ከተፈራረሙ ወዲህ ጂፕ በአገራችን የተለመደ መኪና ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ላንድሮቨር ጎማውን ኮፈኑ ላይ መጫንንም ሞክሯል፤ ክብደቱ በሁለቱ አክስሎች መካከል ወደ ፊት ስለሚያርፍ ሚዛኑ ጥሩ ነው፣ ኮፈን በከፈቱ ቁጥር ግን የጎማውን ክብደት አብሮ ማንሳት ግድ ይላል። በደርግ ዘመን የበዛው የሶቪየቱ ዋዝ 469፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ወዲህ የመርሴዲሱ ጂ፣ ከ1984 ወዲህ የቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ቤተሰብ ሁሉም ወደ ኋላ ዞሩ።

በዚያ ረድፍ ውስጥ ዛሬም ያላለቀው ክርክር ተደብቆ አለ። አሮጌው ላንድክሩዘር 40 ባለሁለት ክንፍ በር ሆኖ ሲመጣ፣ ጎማው በሩ ላይ ሳይሆን ከበሩ ተለይቶ በአካሉ ጥግ ላይ በታሰረና በራሱ በሚዞር ክንድ ላይ ይቀመጥ ነበር። ኋላ የመጡት ብዙዎቹ ግን ጎማውን ከበሩ ጋር አንድ አደረጉት። ለተጠቃሚው ቀለለ፤ አንድ እጀታ ስቦ ሁለቱንም ይከፍታል። ለበሩ ግን ከበደ።

መንገዱም የራሱ ታሪክ አለው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም ትኩረቱ ዋና ዋና መስመሮች ነበሩ። በጎጃም ገጠር ጥያቄውን ያሰፋው ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ጋር ለማገናኘት የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ነው። ቀድሞ በበቅሎ ብቻ ይደረስባቸው ወደነበሩ ቦታዎች የግብርና፣ የጤናና የትምህርት መኪኖች መግባት ጀመሩ። የሚገቡበት መንገድ ግን ጠጠር ወይም አፈር ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ ቤት ቆርቆሮ እየተሸነሸነ ይሄዳል። በዚህ ዳሰሳ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚመጣው ጠላት ይህ ሽንሽን ነው።

ከሥር ይሁን የሚሉት

ፒካፖችና ትልልቆቹ ላንድክሩዘሮች ስኮርታቸውን ከሻንሲው ሥር፣ ከኋላ አክስሉ ጀርባ በሰንሰለት ሰቅለው ይመጣሉ። ይህ አቀማመጥ ሊዘነጋ የማይገባው ጥንካሬ አለው። ክብደቱ ዝቅ ያለ ነው፣ በቀጥታ ሻንሲው ላይ ያርፋል፣ በር አይነካም፣ የኋላ መስታወት አይሸፍንም። መንገዱ ጠጠር ለሆነ፣ ጎማው ከፋብሪካ የመጣው መጠን ለሆነ መኪና ከዚህ የተሻለ ቦታ መፈለግ ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ።

ችግሩ የሚጀምረው እንደ ብር ሸለቆ ባለ ጥቁር መረሬ አፈር ላይ፣ ወይም ላህን፣ ተምጫንና ፈጣምን የመሰሉ ወንዞች በሚሻገሩ የጎን መንገዶች ላይ ነው። መኪና ከጉድጓድ ወይም ከወንዝ ዳር ሲወጣ ጅራቱ መሬት ሳይነካ ሊወጣ የሚችልበት ማዕዘን አለ፤ ከሥር የተሰቀለ ጎማ ይህን ማዕዘን ያጠብበዋል። መኪናው በጭቃ ሲሰምጥ ደግሞ የሚያስፈልገው ጎማ ራሱ ጭቃው ውስጥ ነው። ማውረጃው ሰንሰለት ለብዙ ወራት ሳይነካ በጭቃና በዝገት ከቆየ ይነክሳል፤ ሾፌሩ ይህን የሚያውቀው ጎማው በፈነዳበት ቀን ነው። ከፋብሪካው መጠን የሚበልጥ ጎማ ያሰረ መኪናም ስኮርታውን እዚያ ቦታ ላይ ማስገባት አይችልም።

ከእነዚህ ነጥቦች የመጀመሪያው፣ ሁለተኛውና የመጨረሻው እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። የሰንሰለቱ መንከስ ግን የቦታው ሳይሆን የጥገናው ጉድለት ነው። በየሦስት ወሩ አውርዶ፣ አጥቦ፣ ግሪስ ቀብቶ መመለስ ይፈታዋል። ለዚህ ብቻ ብሎ አዲስ ማንጠልጠያ የሚያሠራ ሰው በሽታውን ሳይሆን አልጋውን እየቀየረ ነው።

ጣሪያ፣ የጭነት ሳጥንና መጎተቻ

በፖርቶመጋላ ላይ መጫን ርካሽ ነው፣ በየቦታውም ይታያል። አርባ ኪሎ የሚሆን ክብደትን ከመሬት ሁለት ሜትር ላይ ማውጣት ግን ጎን ለጎን በተዘቀዘቀ መንገድ መኪናውን ወደ መገልበጥ ያቀርበዋል፤ ማውረዱም ሁለት ሰው ይፈልጋል። በመጎተቻው ቀዳዳ የሚሰካ ማንጠልጠያ ለአስፋልት ጉዞ ይበቃል፤ በኮረኮንች ላይ በሰኪው ዙሪያ ያለው ክፍተት እያደገ ይወዛወዛል። ለፒካፕ ባለቤት ከሁሉም የሚቀለው ጎማውን በጭነት ሳጥኑ ውስጥ ከጋቢናው ጀርባ አቁሞ በአንድ ብሎን ማሰር ነው። የጭነት ቦታ ይወስዳል፤ በቆሎና በርበሬ ለሚጭን ሰው ይህ ትንሽ ዋጋ አይደለም። ሆኖም የሚዞር ክፍል የለውም፣ ማጠፊያ የለውም፣ ክብደቱ ወደ አክስሉ ይቀርባል። ብዙ ፒካፖች ያለ በቂ ምክንያት የኋላ ማንጠልጠያ የሚሠራላቸው ይህ አማራጭ ስለሚናቅ ይመስለኛል።

በሩ ይችላል ወይ?

ለላንድክሩዘር ሃርድቶፕና ለፕራዶ ባለቤቶች ጥያቄው ሌላ ነው። ጎማው ከፋብሪካው በኋላ በር ላይ መጥቷል፤ ይተው ወይስ ወደ ሻንሲ ይዛወር?

በሩ ይበቃል የሚሉት ወገኖች ማስረጃ ቀላል ነው። ፋብሪካው ያሰበበት ነገር ነው፣ በሩም ከውስጥ ተጠናክሯል፤ የፋብሪካው ጎማ እስካለ ድረስ ለብዙ ዓመታት ይሠራል። ሌላው ወገን የሚጠቅሰው ከሽንሽን መንገድ አገሮች፣ በተለይም ከአውስትራሊያ የተገኘውን ተሞክሮ ነው። እዚያ በረጅም ጠጠር መንገድ የሚመላለሱ ፕራዶዎችና ሃርድቶፖች በበሩ ላሜራ ላይ፣ በጎማው መያዣ ዙሪያ ስንጥቅ ያወጣሉ። የላንድሮቨር ዲፌንደር በር በዚሁ የታወቀ ነው፤ ኩባንያው ራሱ ጎማውን ከበሩ የሚያላቅቅ የሚዞር ክንድ በተጨማሪ ዕቃነት ሸጧል። እ.ኤ.አ. በ1975 በአውስትራሊያ የተቋቋመውን ኤአርቢ የተባለ ኩባንያና መሰሎቹን ከኋላ ፓራውልት ጋር የተያያዘ የጎማ ክንድ እንዲሠሩ ያደረጋቸው ገበያ የተፈጠረው ከዚህ ልምድ ነው።

ሁለቱም ወገኖች ልክ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው። በሩ አንድ ትልቅ ምት ይችላል። የማይችለው የማያቋርጥ ትንሽ ንዝረት ነው። በተሸነሸነ መንገድ በሁለት ጉብታዎች መካከል ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ጎማው በሰከንድ 20 ጊዜ ያህል ይመታል ማለት ነው። ባሌስትራውና አሞርቲዘሩ ብዙውን ያበርዱታል፤ የቀረው ወደ አካሉ ይወጣል። በዚህ ስሌት ሁለት ሚሊዮን ምት ለመሙላት 28 ሰዓት ያህል መንዳት ይበቃል። ቀጭን ላሜራ በድካም የሚሰነጠቀው በዚህ ዓይነት ድግግሞሽ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜውን አስፋልት ላይ ለሚያሳልፍ ፕራዶ በሩ ይበቃል። በየሳምንቱ ወደ ቀበሌ ለሚወርድ፣ በዚያ ላይ ከፋብሪካው የከበደ ጎማ ለጫነ መኪና ግን አይበቃም። በሩ ላይ ጀሪካን መጨመርማ ፈጽሞ የሚመከር አይደለም፤ ሃያ ሊትር ናፍጣ ከነመያዣው ከ20 ኪሎ በላይ ነው፣ ሁለት ሲሆን የጎማውን ያህል ሸክም ይሆናል።

ስሌቱ የሚለው

ጎማውን ወደ ሻንሲ ለማዛወር የወሰነ ሰው የሚያሠራው ነገር በመሠረቱ አንድ ክንድ ነው፤ በአንድ ጫፉ ይዞራል፣ በሌላው ጫፉ ይቆለፋል፣ መሐሉ ላይ ጎማ ይሸከማል። 7.50 አር 16 ጎማ ከነቸርኬው ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል እንበል። የክንዱ ብረት 15 ኪሎ ይሁን። የጎማው መሐል ከማጠፊያው 70 ሳንቲ ሜትር፣ የክንዱ ሚዛን መሐል 40 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ክንዱ ሲከፈት ማጠፊያው ላይ የሚያርፈው የመጠምዘዝ ጉልበት 34 ኪሎ ግራም-ሜትር ይሆናል።

ይህን ጉልበት በ50 በ50፣ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ላይ ብናሰላው ብረቱ ውስጥ የሚፈጠረው ውጥረት 40 ሜጋ ፓስካል ገደማ ነው። ምቱ ክብደቱን ሦስት እጥፍ ቢያደርገው 120 ይሆናል። ተራ የግንባታ ብረት ለዘለቄታው የሚጎብጠው ከ235 አካባቢ በላይ ስለሆነ፣ ቱቦላሬው በቂ ነው፤ ባለ 5 ወይም ባለ 6 ሚሊ ሜትር መፈለግ ክብደት ከመጨመር በቀር አይፈይድም። ብየዳው ግን ሌላ ነው። ለሁለት ሚሊዮን ምት የሚታሰብ የማዕዘን ብየዳ፣ በዓለም አቀፍ የብየዳ መመሪያዎች መሠረት፣ እንደ ቅርጹና ጥራቱ ከ36 እስከ 80 ሜጋ ፓስካል የሚደርስ ተመላላሽ ውጥረት ብቻ ነው የሚፈቀድለት። እንግዲህ ያው ክንድ እንደ ብረት ሲመዘን ያልፋል፣ እንደ መጋጠሚያ ሲመዘን ይወድቃል። በጋራዥ «ብረቱ ቀጥኖ ነው የተሰበረው» ሲባል፣ የተሰበረው ቦታ ቢታይ ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ብረት ማወፈር ሳይሆን መጋጠሚያውን ማስፋት ነው። በማዕዘኑ ላይ የሦስት ማዕዘን ድጋፍ ላሜራ መጨመር፣ የድጋፉን ጫፍ በድንገት ሳይሆን እያሳሳቱ መጨረስ፣ ከፍተኛ ጉልበት ባለበት ቦታ ላይ አቋርጦ አለመበየድ፣ ብየዳውን ዙሪያውን መዝጋት። ቱቦላሬው በታች በኩል ትንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳ ካልተደረገለት በክረምት ከውስጥ ይዝጋል፤ ቀለሙ ሳይነካ ብረቱ ያልቃል።

የብየዳ ዘንጉም ያከራክራል። በየከተማው በር፣ መስኮትና አጥር የሚሠሩ በያጆች በብዛት የሚጠቀሙት 6013 የሚባለውን ኤሌክትሮድ ነው። በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ለቀጭን ብረት ይመቻል። 7018 ለተመላላሽ ጫና የተሻለ ብየዳ ይሰጣል፤ ነገር ግን ደረቅ ሆኖ መቀመጥ አለበት፣ እርጥበት ከጠጣ የተሻለ መሆኑ ይቀርና ስንጥቅ የሚያመጣ ይሆናል። በሐምሌ ቡሬ ላይ ክፍት ሆኖ የከረመ 7018 ከደረቅ 6013 ይሻላል ብሎ መከራከር ይከብዳል። ለእኔ ከዘንጉ ቁጥር የሚቀድመው የበያጁ ልማድ ነው፤ የመስኮት ቱቦላሬ እንዳይበሳ ተብሎ በአጫጭር ነጥብ የሚሠራው ብየዳ ለዚህ ክንድ አይሆንም።

ማጠፊያው

ያው 34 ኪሎ ግራም-ሜትር ማጠፊያውን ከላይ ይስበዋል፣ ከታች ይገፋዋል። ሁለቱ መያዣዎች በ30 ሳንቲ ሜትር ከተራራቁ እያንዳንዳቸው 113 ኪሎ ያህል ይሸከማሉ። ርቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 340 ኪሎ ይሆናል፤ ምቱ ሲጨመር ከአንድ ቶን ያልፋል። የማጠፊያው ቁመት ከብረቱ ውፍረት በላይ ወሳኝ የሚሆነው ለዚህ ነው። ስለ መላላትም እንዲሁ፦ በ10 ሳንቲ ሜትር ማጠፊያ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ርቆ ያለው የክንዱ ጫፍ 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ መቀርቀሪያውም ቦታውን ይስታል።

የማጠፊያው ውስጥ ምን ይሁን በሚለው ላይ ሁለት አመለካከቶች አሉ። አንደኛው የነሐስ ቡሽ ነው። ቶርኖ ቤት ይቆረጣል፣ የግሪስ መግቢያ ይበጅለታል፣ ሲያልቅ በርካሽ ይቀየራል። ሁለተኛው የተጎታች ወይም የአሮጌ መኪና የጎማ ዘንግ ከነኩሽኔታው መጠቀም ነው፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ ከሚገኝ ያገለገለ ዕቃ ሊወጣ ይችላል። ኩሽኔታው ክፍተቱን በዳዶ ማጥበቅ ስለሚያስችል ክንዱ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ተቃዋሚዎቹ ግን አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው፦ ኩሽኔታ የተሠራው ለመዞር ነው። ሳይዞር በአንድ ቦታ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ሮለሮቹ በማረፊያቸው ላይ ጎድጓዳ ምልክት ያወጣሉ። የነሐስ ቡሽ ደግሞ ቀዳዳው እየሞለለ ይሄዳል። በጎጃም ጭቃ ውስጥ የትኛው ቀድሞ እንደሚደክም የሚያሳይ የተመዘገበ ማነጻጸሪያ አልተሠራም፤ ሁለቱንም የሚያዛልቀው ግን ጭቃ የማያስገባ መዝጊያ ነው።

ከማጠፊያው ያልተናነሰ ልዩነት በመያዝና በመሸከም መካከል አለ። ክንዱ ሲዘጋ ጫፉ በተዳፋት መቀመጫ ላይ ወጥቶ ማረፍ አለበት፤ ክብደቱን የሚሸከመው ይህ መቀመጫ ነው። መቀርቀሪያው ሥራው ክንዱ እንዳይከፈት መያዝ ብቻ ነው። ይህ መቀመጫ ሳይሠራ ሁሉም ነገር በመቀርቀሪያው ላይ ሲጣል፣ ክንዱ ቢዘጋም ማጠፊያው ቀኑን ሙሉ እንደተከፈተ ክንድ ይሠቃያል። ቀላል፣ ርካሽና ብዙ ጊዜ የሚረሳ ክፍል ነው። ክንዱን ከፍቶ የሚያስቀር ፒንም እንዲሁ ይረሳል፤ በዳገት ላይ በቆመ መኪና የተለቀቀ 55 ኪሎ ክንድ ሰው ይጎዳል።

የጎማው መያዣ ሳህን ላይ አንድ የመለካት ጉዳይ አለ። ፕራዶና ሃይሉክስ ባለ ስድስት ብሎን ናቸው፣ ብሎኖቹ በ139.7 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ይቆማሉ። ላንድክሩዘር 70 እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ባለ አምስት፣ 150 ሚሊ ሜትር ተቀይሯል። ከመኪና መኪና ለሚዘዋወር ማንጠልጠያ ሳህኑን ለሁለቱም መብሳት ብልህነት ነው። ጎማው በቸርኬው ይያዝ፣ በላስቲኩ አይደገፍ።

ሻንሲውን በተመለከተ፣ በነባር የፋብሪካ ቀዳዳዎች በብሎን ማሰር እንጂ አዲስ መብሳትም ሆነ ሻንሲው ላይ መበየድ የሚመከር አይደለም። ሻንሲው ራሱ ድካም የሚይዘው አካል ነው። ሚዛኑም ይለወጣል። በአክስሎቹ መካከል 3 ሜትር ያህል ርቀት ባለው መኪና፣ ከኋላ አክስሉ 1.3 ሜትር ጀርባ የተጨመረ 55 ኪሎ የኋላ አክስሉን በ79 ኪሎ ያከብደዋል፣ የፊቱን በ24 ኪሎ ያቀልለዋል። ይህ ብቻውን አያሰጋም፤ በተጫነ መኪና ላይ ሲታከል ግን ባሌስትራው ይሰማዋል።

በየት በኩል ይዙር?

የጃፓን መኪኖች የኋላ በር ማጠፊያ በአብዛኛው በቀኝ ነው። ለእነሱ ልክ ነው፤ በግራ የሚነዱ በመሆናቸው የእግረኛው ዳር በግራ ነው፣ በሩ ወደ ቀኝ ሲከፈት ከዳሩ ሆነው ይጭናሉ። ኢትዮጵያ ግን ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ትነዳለች። ፕራዶ መንገድ ዳር ቆሞ በሩ ሲከፈት ከዳሩ የመጣውን ሰው ይከለክለዋል፣ ወደ መንገዱ መሐል ዞሮ እንዲጭን ያስገድደዋል።

አዲስ ክንድ የሚያሠራ ሰው ይህን ማስተካከል ይችላል፤ ማጠፊያውን በግራ ካደረገው ከቀኝ ዳር ይጫናል። የሚቃወሙት ደግሞ የተከፈተው ክንድ ከ90 ዲግሪ ካለፈ ወደ ተሽከርካሪው መስመር እንደሚወጣ ያሳስባሉ። ክንዱን በ90 ዲግሪ ማስቆም መካከለኛ መንገድ ይመስላል። በሩ ግን ወደ ቀኝ እየተከፈተ ክንዱ ወደ ግራ ከሄደ ቦታው ይሰፋል ወይስ ሁለቱም ዳር ይዘጋል? መልሱ ከመኪና መኪና ይለያያል፤ ብረት ከመቆረጡ በፊት በካርቶን መሞከር ያዋጣል።

የአምቡላንሱ ጥያቄ

ይህ ሁሉ ለጭነት መኪና ምቾት ነው። ለወረዳ አምቡላንስ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ብዙዎቹ የገጠር አምቡላንሶች የላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ናቸው፤ ወላድ እናት የምትገባውም የምትወጣውም በኋላ በር ነው። ጎማው በሩ ላይ ከሆነ በሩ ይከብዳል፣ በዳገት ላይ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጎማው በተለየ ክንድ ላይ ከሆነ በሩ ይቀላል፣ ግን ከበሩ በፊት ሌላ መቀርቀሪያ መከፈት አለበት፤ በሌሊት፣ በዝናብ፣ መኪናውን በማያውቅ ሰው እጅ። ለአምቡላንስ ከኋላ ምንም ባይኖር እመርጣለሁ። ከሥር ወይም በጣሪያ ላይ የሚያስከትለው ድካም የሾፌሩ ነው፣ የበሩ መዘግየት የበሽተኛዋ ነው። መንገዱ ከሥር መስቀልን የማይፈቅድ ከሆነ፣ ክንዱ በአንድ እጅ፣ በአንድ እንቅስቃሴ የሚከፈት ይሁን።

ሕግና የመጪው ዘመን መኪና

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ አልፈው ቦሎ ይወስዳሉ። ከኋላ የተሰቀለ ጎማ ሰሌዳውን ወይም መብራቱን ከሸፈነ ማዛወር የግድ ነው፤ የሰሌዳ ማብሪያውም አብሮ መዛወር አለበት። ከግጭት አንጻር ደግሞ የአሜሪካው የመንገድ ደኅንነት ኢንሹራንስ ተቋም በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ባደረጋቸው የፓራውልት ሙከራዎች፣ በኋላ በር ላይ የተሰቀለ ስኮርታ ቀላል ግጭትን ወደ በርና መስታወት ጉዳት እንደሚለውጥ አሳይቷል። ከሻንሲ ጋር የታሰረ ክንድ ምቱን ወደ ሻንሲ ይወስደዋል፤ በሩን ያድናል፣ ጥገናውን ግን ወደሚከብደው ቦታ ያዛውረዋል።

ፋብሪካዎቹም ወደ ኋላ የመስቀልን ልማድ እየተዉ ነው። ራቭ 4 ከአራተኛው ትውልዱ ጀምሮ ትቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ላንድክሩዘር 250 በሩን ወደ ላይ ከፍቶ ጎማውን ከሥር አውሏል። ጂምኒ፣ አዲሱ ዲፌንደርና ጂፕ ራንግለር ግን ጸንተዋል። በእኛ አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢሎችን ወደ አገር ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ቀድሞ የገቡት የገጠር መኪኖች ረዘም ላለ ዘመን ይሠራሉ፣ በየጋራዡም ይጠገናሉ። ከገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም፤ በመንፊያና በመለጠፊያ ፈሳሽ ይተማመናሉ። ፈሳሹ ለሚስማር ቀዳዳ ይሆናል፤ ሹል ድንጋይ ለቀደደው የጎማ ጎን አይሆንም።

ሳይፈታ የቀረው ፈተና

በየከተማው የሚሠራ ማንጠልጠያ ለደንበኛው ከመሰጠቱ በፊት እንዴት ይፈተን? አንደኛው ሐሳብ ቀላል ነው። ክንዱን ከፍቶ የጎማውን ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 120 ኪሎ ያህል፣ ጎማው በሚቀመጥበት ቦታ ማንጠልጠል፤ አንድ ኩንታል በቆሎ ላይ ትንሽ ተጨምሮበት ይሞላዋል። ጭነቱ ሲወርድ የክንዱ ጫፍ ወደ ነበረበት ካልተመለሰ አንድ ነገር ጎብጧል ወይም ተንሸራቷል። ይህን የማያልፍ ማንጠልጠያ መንገድ መውጣት የለበትም፤ በዚህ ማንም አይከራከርም።

ክርክሩ ያለፈው ማንጠልጠያ ላይ ነው። የኩንታሉ ፈተና የአንድ ጊዜ ጥንካሬን ይመዝናል፣ ከላይ እንደታየው ግን ማንጠልጠያ የሚሞተው በድግግሞሽ ነው። ለዚህ የሚታሰበው አማራጭ ፈተና ሳይሆን ቁጥጥር ነው፦ ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ኮረኮንች በኋላ፣ ከዚያም በየዘይት ቅየራው፣ የብየዳዎቹን ጠርዝ አጥቦና አድርቆ በናፍጣ አርሶ መወልወል፣ በላዩ ጠመኔ መቀባት፤ ስንጥቅ ካለ ናፍጣው ከውስጥ ወጥቶ ጠመኔውን በቀጭን መስመር ያጨልመዋል። ቀለም የተቀባ ብየዳ ላይ ይህ ስለማይሠራ አንዳንዶች መጋጠሚያዎቹ ለመጀመሪያው ወር ሳይቀቡ ይቆዩ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ በክረምት አንድ ወር ያልተቀባ ብየዳ ዝገቱን ይጀምራል ብለው ይቃወማሉ። በበጋ የሚሠራውን ሳይቀቡ መፈተን፣ በክረምት የሚሠራውን በስስ ቀለም ቀብቶ ቀለሙ የሚሰነጠቅበትን ቦታ መከታተል ለጊዜው ያለው የተሻለ መንገድ ነው።